ስምንት ጊዜ የተበወዘ ካርታ

(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መጫወቻ ካርታ እናገራለሁ ስል ቅር የሚላችሁ ወላጆች እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። ካርታ ሲባል ቁማር፣ ምትሐት ሲባልም ጥንቆላ ትዝ ይላል። እኔ የማወሳው ግን በጣትና በሒሳብ ብቻ የሚሠራ፣ ፈረንጆች ፋሮ የሚሉትን አበዋወዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 52ቱ ካርታ በተራ ይደረደራል፤ ሰው እያየ ስምንት ጊዜ ይበወዛል፤ ሲገለጥም አንዲት እንኳ ሳትዛባ እንደ ቀድሞው ሆኖ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ዐይኔ ታሰረ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ካርታው በእውነት ተበውዟል።

እሽጉ በትክክል 26 በ26 ይከፈላል። ሁለቱ ክፍሎች እንደ ድርና ማግ አንድ ባንድ ይገባባሉ፤ የላይኛዋ ከላይ፣ የታችኛዋም ከታች ይቀራሉ። የላይኛዋን ዜሮ ብለን ብንቆጥር፣ የሌሎቹ ቦታ በየጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ ከ51 ሲያልፍ 51 ይቀነሳል። አንደኛዋን ተከተሏት፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 13፣ 26፣ እንደገናም 1። ሌሎቹም በዚሁ ሕግ አብረዋት ይመለሳሉ። የላይኛዋን ወደ ሁለተኛነት እያወረደ የሚበውዝ ግን 52 ጊዜ መድከም አለበት፤ ይህን ለጠላቴም አልመኝ።

ሒሳቡ በአንድ ምሽት ይገባል፤ ጣት ግን እንዲህ በቶሎ አይማርም። መጀመሪያ አከፋፈሉን ብቻ መልመድ ይሻላል። 26 ቀይ ከላይ፣ 26 ጥቁር ከታች አድርጎ መክፈል ነው፤ ከላይኛው ክፍል ግርጌ ጥቁር ከታየ በዝቷል፣ በታችኛው ክፍል ራስ ላይ ቀይ ከቀረ ጎድሏል። ቀጥሎ ማገባባቱ ነው። ጠንክሮ የገፋ ሰው ካርታው ሁለት ሁለት እየሆነ ይወድቅበታል። እጅ ያወዛው አሮጌ ካርታም ይጣበቃል። በፋብሪካ ሲቆረጥ ስለቱ ከአንድ ወገን ስለሚገባ፣ ከላይ በኩል እምቢ ያለ እሽግ ተገልብጦ እሺ ሊል ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ በሦስተኛው ላይ የተሳተ ነገር እስከ ስምንተኛው ተደብቆ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ጀማሪ አንድ ጊዜ ብቻ በውዞ ይዘርጋው፤ ቀይና ጥቁር ሳይዛነፍ መፈራረቅ አለበት።

ፐርሲ ዳያኮኒስ የተባለው አሜሪካዊ በ14 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ዳይ ቨርነን የተባለውን ስመ ጥር የካርታ ባለሙያ ተከተለ። በኋላ ወደ ትምህርት ተመልሶ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለዚሁ አበዋወዝ ጽፏል።

በዚህ እጅ ቁማርተኛም ሊያጭበረብር ይችላል የሚል ወላጅ ቢኖር እውነቱን ነው። እኔም በገንዘብ የማልጫወተው፣ የምሠራውንም ጮክ ብዬ እየቆጠርሁ የማሳየው ስለዚህ ነው።

ከሻይ በኋላ በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ እገኛለሁ። ዐይኑ የሰላ በግራዬ ቆሞ ይቁጠርልኝ፤ ከስድስተኛው በኋላ ግን እባካችሁ አታናግሩኝ።