መቃብር የማን ነው?

(በራዲዮ የተነገረ)



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን ካለፈ በኋላ በግራው የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ፥ በቀኙ ደግሞ ተራራው ተነሥቶ ያያል። አዲስ ዘመን ከተማ ዘንድ ሲደርስ ከተራራው ላይ በጽድና በወይራ የተሸፈነ ደን ይታየዋል። ይህ ጣራ ገዳም ነው። ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ ገዳሙ ታሪክ አይደለም። በሜዳውም ሆነ በተራራው ለሚኖር ሰው ሁሉ ስለማይቀርለት ነገር፥ ማለት ስለ መቃብርና ስለ መቃብር ስለ ወጣው ሕግ ነው። ጥያቄውም፥ መቃብር የማን ነው? የሚል ነው። የሟቹ ነውን? የቤተ ዘመዱ ነውን? የደብሩ ነውን? ወይስ የመንግሥት?

ነገሩን ከመነኩሴው እንጀምር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አንድ ሰው ሲመነኩስ ገና በሕይወቱ ሳለ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ለዚህ ዓለም ሞቷልና። ስለዚህ በመጨረሻ ነፍሱ ስትለይ በሰሌን ተጠቅልሎ ዐፈር ይለብሳል እንጂ፥ «ይህች ስንዝር መሬት የእኔ ድርሻ ናት» ብሎ የሚሟገትለት ወራሽ የለውም።

የገጠሩም ሕዝብ የቀድሞ ልማድ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ሟቹ ያረፈበት ስፍራ በድንጋይ ክምር ይታወቃል፤ ልጅና የልጅ ልጅ ያስታውሱታል። ዘመን ሲረዝም ድንጋዩ ወደ መሬት ይሰምጣል፤ ዛፍ ይበቅልበታል፤ ስፍራውም ለሌላ ሟች ይለቀቃል። አንድ ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ትውልድን በትውልድ ላይ እየደረበ ብዙ ዘመን ያገለገለው በዚህ ዐይነት ነው። በእስልምናም ሥርዓት ቢሆን በመቃብር ላይ ሕንፃ ማቆም የተነቀፈ ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በከተማም በገጠርም በሲሚንቶ የተገነባ፥ በእብነ በረድ የተለበጠ፥ በብረት አጥር የተከበበ መቃብር በየደብሩ ይታያል። እንዲህ ያለው መቃብር አይሰምጥም፤ ዛፍም አይበቅልበትም፤ ለሌላም ሰው ቦታውን አይለቅም። በደቡብ ጎንደር ከጥንት ተርፎ የሚገኘው የአገር በቀል ደን አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ደን ያጠኑ ሊቃውንትም ደኑን ከውስጥ ከሚያሳሱት ነገሮች አንዱ የመቃብርና የሕንፃ መስፋፋት መሆኑን ጽፈዋል። እንግዲህ አባቶች ጠብቀው ያቆዩትን ወይራ ለአባት መታሰቢያ ሲባል መቍረጥ ምን ያህል እርስ በርሱ የሚጣላ ሥራ እንደ ሆነ ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ለመቃብር ገንዘብ የከፈለ ሰው የከፈለው ለማረፊያውና ለአገልግሎቱ ነው እንጂ መሬቱን ገዝቶ ርስት አላደረገውም። በሌላ በኩል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ የቀብርን ሥነ ሥርዓት የሚያውከውን፥ መቃብርን የሚያፈርሰውን ወይም የሚያረክሰውን፥ አስከሬንን የሚያዋርደውን ሰው ይቀጣል። ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ስናነባቸው ትርጕማቸው ግልጽ ነው፤ ሕጉ የሚጠብቀው የሟቹን ዕረፍት ነው እንጂ የቤተ ዘመዱን አጥር አይደለም።

ይህ ዕረፍት ቀላል ነገር እንዳይመስለን። በነሐሴ ወር 1967 ዓ.ም. ያረፉት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንኳ በወግ ለመቀበር ሃያ አምስት ዓመት ያህል ጠብቀዋል። ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥት ግቢ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፥ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የልጃቸው አስከሬን ተነፍጓቸው፥ መቃብሩንም ሳያውቁ የቀሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ መቃብርን የሚጠብቀው ሕግ ዜጋን ብቻ ሳይሆን መንግሥትንም የሚገዛ መሆን አለበት።

ሌሎች አገሮችም በዚህ ነገር ተቸግረዋል። በፓሪስ ከተማ መካከል የነበረው ጥንታዊ መቃብር ከመጠን በላይ ሞልቶ ለጎረቤት ቤቶች ሁሉ ጠንቅ ስለ ሆነ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1780 ተዘጋ። በ1804 ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት መቃብር ከከተማ ውጭ እንዲሆን፥ እያንዳንዱም ሟች ለብቻው ጕድጓድ እንዲኖረው፥ ጕድጓዱም ከአምስት ዓመት በኋላ ለሌላ ሟች ሊከፈት እንዲችል ደነገገ። የተለየ ስፍራ ይዞ ሐውልት ለማቆም የሚፈልግ ሰው ግን ለድሆች ወይም ለሆስፒታል ስጦታ እንዲሰጥ አዘዘ። የሀብታሙ ሰፊ መቃብር የድሀውን ሕያው ይረዳ ዘንድ መታሰቡ መልካም ነገር ነው።

የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ አርቃቂ ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ፥ ከውርስ ሀብት ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፈለው ዕዳ የሟቹ የቀብር ወጪ እንዲሆን አድርጓል። ነገር ግን ወጪው ለሟቹ ኑሮ የሚገባውን ያህል ብቻ ነው፤ የተዝካር ድግስም ከዚህ ዕዳ ውስጥ አይቈጠርም። ሕጉ የሙት ልጆችን በሬ ከለቀስተኛ ምሳ ለማዳን ያሰበ ይመስላል።

ያው ሕግ የልደት፥ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲያዝ ደንግጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ አፈጻጸሙ ለሌላ ጊዜ ስለ ተላለፈ ሳይሠራበት ቈየ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ምዝገባው በመላው አገር የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ከታወጀ ሃምሳ ስድስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። አዋጁ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ለማስታወስ እንዲመቸን፥ አርባው ሳይደርስ እንበለው።

ይህ መዝገብ ምን ይጠቅማል? የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ከዚያው ከጣራ ገዳም ሥር ይገኛል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር የተባለ በሽታ መግባቱ ታወቀ። በሽታው ስሙ ከመታወቁ አስቀድሞ ግን ወባ ነው እየተባለ ብዙ ሰው ሞቷል። ጡሩንባ ተነፋ፤ ለቅሶ ተደረሰ፤ ቀብር ተፈጸመ። ነገር ግን ከአንድ መንደር ስንት ሰው፥ በስንት ወር ውስጥ፥ በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ አንድ ላይ ጽፎ የሚያሳይ መዝገብ አልነበረም። መቃብሩ በየደብሩ ተበታትኖ ስለ ነበረ ማንም አልቈጠረውም። ከዓመት ዓመት የሞቱ ቍጥር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ቶሎ በነቃ ነበር።

ሁለተኛውን ጥቅም በምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ የፎገራ ገበሬ ሞተ እንበል። ቤተ ዘመዱ ተበድሮ ሐውልት አሠራለት፤ ስሙም በሲሚንቶው ላይ በጥሩ ቀለም ተጻፈ፤ በቀበሌው መዝገብ ግን አልተጻፈም። ዓመቱ ሲዞር የሟቹ ወንድም በሩዝ ማሳው ላይ ክርክር አነሣ። ሚስቲቱ የይዞታውን ደብተር በስሟ ለማዞር ብትሄድ የሞት ማስረጃ አምጪ ተባለች። በሐውልቱ ላይ ያለው ስም የምስክር ወረቀት ሆኖ አያገለግላትም። የሐውልቱ ዕዳ ግን ይጠብቃታል።

«ለአባቴ ክብር ብሠራ ምን ነውር አለው?» የሚል ልጅ ይኖራል። ነውርስ የለውም፤ ኀዘኑም የሚከበር ነው። ነገር ግን ፎገራ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ብዙ ቤተ ሰብ ማፈናቀላቸው አይዘነጋም። እንዲህ ባለ አገር ውሃ የማይደርስበት ከፍ ያለ መሬት ጥቂት ነው። ከዚያ ላይ አንዱ ሰው የሦስት ሰው ስፍራ ቢያጥር የነገው ሟች ወዴት ይወሰዳል? የነገው ሟች ደግሞ ያው ያጠረው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፥ እድርተኞችና የሰበካ ጉባኤ አባሎች፥ የመስጊድ ሽማግሌዎችም፥ የመቃብሩን ስፋትና የሐውልቱን ልክ ኀዘን ሳይመጣ በጤና ቀን ተስማምታችሁ ወስኑ። በለቅሶ ቀን የሚነሣ ክርክር ቂም ያተርፋልና። ዛፍ ሳይቈረጥ፥ ድሀና ሀብታም ሳይለይ፥ ለሁሉ አንድ ልክ ይሁን። ከቀብር መልስ ደግሞ ከእድሩ አንድ ሰው ታዝዞ ቤተ ዘመዱን ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያድርስ።

መቃብር የማን ነው? ብለን ለጠየቅነው መልሱ እንዲህ ነው። ዕረፍቱ የሟቹ ነው፤ መሬቱ የሕዝብ ነው፤ መዝገቡ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ለቤተ ዘመድ የሚቀረው ጥበቃው ነው። ይህን ያህል ከጠበቅንለት ለሟቹ አላነሰበትም።