እያወሩ መሮጥ



አዘጋጆቹ «ስለ ጤና አንድ ነገር በይን» ብለውኝ ነበር። ሐኪም ለሐኪም ስለ ጤና ምን ይነግራል? በቃ ስለ እሑድ ጠዋታችን ላውራችሁ።

አራት የአንድ ባች ልጆች ነን። እኔ የውስጥ ደዌ፣ አንዱ ቀዶ ሐኪም፣ አንዷ የሕፃናት፣ አንዷ የሰመመን ሐኪም። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታት ሐውልት አጠገብ እንገናኛለን። ሳይነጋ አንነሣም፤ የእንጦጦን ጅብ አናምነውማ! መጀመሪያ ጃን ሜዳ ገብተን ሁለት ዙር እናሟሙቃለን። በኮቪድ ጊዜ አትክልት ተራ ወደዚያ ሲዛወር ይህ ቀርቶብን ነበር። ከዚያ በሽሮ ሜዳ፣ የሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና ሳይከፈቱ፣ ዳገቱን እንይዛለን። የባሕር ዛፉ ሽታ ሲመጣ እንጦጦ ደረስን ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው ፓርክ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ሮጠን፣ ቁልቁለቱን ለጉልበታችን ስንል በእግራችን እንወርዳለን።

ዳገቱ ቀልድ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ቢሆን ነው። አትሌቶቹ ይህንኑ ፈልገው ይመጣሉ፤ ሲያልፉን ጀርባቸውን እንኳ በደንብ አናይም። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ደግሞ ከላይ ይወርዳሉ። እነሱን አይቶ «ደከመኝ» የሚል የለም።

ሕጋችን አንድ ናት፦ ማውራት ያቃተው ካለ ሁላችንም እንቀንሳለን። ለታካሚዎቻችን የምንነግረው መለኪያ ነው እኮ፤ ማውራት ተችሎ መዝፈን ካቃተ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሚለው ይህን ዓይነቱን ነው። ሕጉን ያወጣነው ለልባችን ብለን ነበር፤ እኔን ግን ሌላ ነገር አተረፈኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ ዲውቲ ላይ ሳለሁ፣ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው መጣ። ከእምብርቱ ከፍ ብሎ እያሳየኝ «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» አለ። ጨጓራ ነው አልኩ። መድኃኒት ጽፌ ሸኘሁት፤ ኢሲጂ አላዘዝኩለትም። በማግስቱ ሌሊት ተመለሰ። ልቡ ነበር። ሳይነጋ አረፈ። ባለቤቱ እያለቀሰች «ዶክተር፣ ብዙ ደከማችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ያቺን ምስጋና መሸከም አቃተኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት እሑድ «ዲውቲ ነኝ» እያልኩ ቀረሁ። በአራተኛው ደጄ ላይ ቆመው ደወሉልኝ። ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱ ላይ፣ ሁሉም ፊት ለፊቱን እያየ፣ ነገርኳቸው። «አይዞሽ፣ ሁሉም ይሳሳታል» ያለኝ የለም። ቀዶ ሐኪሙ ጥቂት ዝም ብሎ ሮጠና «እኔም አንድ አለኝ» አለ። ዘጠኝ ዓመት ይዞት ኖሯል! ያን ቀን ፓርኩ ውስጥ አልሮጥንም፤ ቁጭ ብለን ተራ በተራ ተነጋገርን።

ስሕተትን በስብሰባ ላይ እንዴት እንደምናቀርብ ሁላችንም እናውቃለን። ቻርት አለው፣ ቁጥር አለው። ማታ ቤት ይዘነው ስንገባ ግን ለማን ነው የምንነግረው?

ያ ጠዋት ሰውየውን አልመለሰልኝም። ሥራዬን ልተው ግን አስቤ ነበር፤ አልተውኩም። ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው «ጨጓራዬን» ብሎ ሲመጣ ያለ ኢሲጂ አልሸኘውም። ሬዚደንቶቼ «ለምን?» ሲሉኝም የዚያን ሰው ታሪክ፣ የእኔን ስሕተት ጨምሬ፣ እነግራቸዋለሁ።

እንግዲህ አገር ውስጥም ሆነ ውጭ ያላችሁ፣ ሰበብ እያበዛ የጠፋ የሙያ ጓደኛ ካላችሁ ሄዳችሁ ደጁን አንኳኩ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ በመጪው እሑድ 12 ሰዓት ሐውልቱ ጋ ኑ። መሮጥ የማይችል በእርምጃ ይምጣ፤ እንጠብቀዋለን። የሻዩን ሒሳብ የሚከፍለው መጨረሻ የደረሰ ነው፤ እስካሁን እኔ ነኝ።