ይቅርታ የተበዳይ ሐቅ ነው
(በዲላ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላህ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከተማሪዎቻችን አንዱ ከቂርኣት በኋላ ቀረበንና፣ «ኡስታዝ፣ ቤታችንን ያቃጠለውን ሰው ይቅር ካላልኩ ወንጀል ይሆንብኛል?» ሲል ጠየቀን። ቶሎ መመለስ አልቻልንም።

በሚያዝያ 2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰላም ወርዷል ተብሎ ብዙዎች ወደ ቀያቸው ተመለሱ፤ በሰኔ ግን እንደገና ተፈናቀሉ። ከሁለቱም ወገን 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። አብዛኛው ሙስሊም አልነበረም። ቢሆንም የተበዳይ ዱዓ በአላህና በእርሱ መካከል መጋረጃ የለውም።

ለልጁ የምንለው ይህ ነው፦ ይቅር ማለት ትልቅ ምንዳ አለው፤ ነገር ግን ሐቁ ያንተ ነው። ሸሪዓችን የሟችን ቤተሰብ ይቅር በሉ ብሎ ያበረታታል እንጂ አያስገድድም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መካ ሲገቡ ጠላቶቻቸውን ይቅር ያሉት ራሳቸው የተበደሉ፣ ራሳቸው ከአገራቸው የተሰደዱ ሆነው ነው። እኛ ዲላ ተቀምጠን ቡናው በተቆረጠበት ሰው ስም ይቅር ማለት አንችልም።

በዳይስ? የሰው ሐቅ በሶላትና በፆም ብቻ አይሰረዝም። ተውበት ያደረገ ሰው የወሰደውን ይመልሳል፣ ያጠፋውን ይናገራል። የጉጂና የጌዴኦ አባቶችም በመካከላቸው ደም ሲፈስ በጎንዶሮ የሚታረቁት ነገሩን አድበስብሰው አይደለም። በሩዋንዳ ከዘር ጭፍጨፋው በኋላ በጋቻቻ ሸንጎ የተናዘዙ ገዳዮች የሟቾች አስከሬን የት እንዳለ እንዲናገሩ ይጠየቁ ነበር።

ወገኖቼ! በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» ብለን ስንነሳ ድንጋይ አልወረወርንም፤ ሐቃችንንም አልተውንም። ሰብር ማለት ዝምታ እንዳልሆነ ያኔ ተምረናል። ታዲያ ለራሳችን የጠየቅነውን ለጎረቤታችን እንዴት እንነፍጋለን? ተፈናቃዩን «እርሳው» አንበለው፤ እንስማው። ጉጂን ሁሉ ወይም ጌዴኦን ሁሉ በዳይ አናድርግ፤ ወንጀል የሠሪው ነው። መሬትና ቤት ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ አጥፊው በፍትሕ እንዲጠየቅ በሰላም እንጠይቅ። ያኔ ይቅርታ ከተበዳዩ ልብ ቢወጣ ይጸናል።

አላህ በመካከላችን ሱልህን ያውርድ። አሚን።
ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።