የመጀመሪያዋ ሰዓት



ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደረቅ ወንዝ ነው። ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ነጋዴም ዕቃውን ይዘረጋበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች የጣለው ከባድ ዝናብ በዚሁ አሸዋ ላይ ወርዶ በዳርቻው የተኙትን ቤተሰቦች ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ቤት አልባ ሆኑ።

በእንዲህ ያለ ሌሊት አምቡላንስም ሆነ የነፍስ አድን ሠራተኛ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ የቤተሰብና የጎረቤት ነው። ያችን የመጀመሪያ ሰዓት ለማለፍ የሚያስፈልገው ዝግጅት አብዛኛው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀድሞ መነጋገርን ግን የግድ ይጠይቃል።

ጎፋን እናስታውስ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በዝናብ የራሰ ተዳፋት ተንዶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። የአካባቢው ሰው የተቀበሩትን ለማውጣት በአካፋና በእጁ ሲረባረብ ሌላ ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹም ሌላውን ለማዳን የሮጡ ነበሩ። ወገንን ለማውጣት መሮጥ ክቡር ተግባር ነው፤ የሚሮጡትን ሰዎች መጠበቅ ደግሞ የቀሩት ኃላፊነት ነው። አንዴ የተናደ ተዳፋት ገና አልረጋም። ስለዚህ ሌሎች ሲቆፍሩ አንድ ሰው ከላይ ያለውን መሬት ብቻ እየተመለከተ በፊሽካ ወይም በጩኸት ለማስጠንቀቅ መቆም አለበት፤ ሥራ የሌለውም ሰው ከሥፍራው መራቅ ይገባዋል። ተዳፋት ከመናዱ በፊት ምልክት የሚሰጥበት ጊዜም አለ፦ መሬት ይሰነጠቃል፣ ዛፍና ምሰሶ ያዘነብላል፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ ይደፈርሳል፣ በር አልዘጋም ይላል። ይህን ያየ ቤተሰብ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ዘመድ ቤት ቢያድር ይሻለዋል።

የምድር መንቀጥቀጥ ግን ብዙውን ጊዜ ፋታ አይሰጥም። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ከመሬት በታች በሚንቀሳቀስ የቀለጠ ዐለት ምክንያት ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። ታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው መጠኑ ወደ 5.7 የሚጠጋ ነበር። መንገድና ቤት ተሰነጠቀ፤ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ የኮንዶሚኒየምና የፎቅ ነዋሪዎች በደረጃ እየተጋፉ ወደ ውጭ የወጡበት ምሽትም ነበር። ነገሩ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል።

በፎቅ ቤት ያለ ሰው ንዝረቱ እስኪያቆም በደረጃም ሆነ በሊፍት አይወርድም። ከመስኮት ርቆ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ራሱንና አንገቱን በክንዱ ይሸፍናል፤ ሲቆም የጋዝ ሲሊንደሩን ዘግቶ፣ ቆጣሪውን አጥፍቶ ይወጣል። በጭቃ ወይም በድንጋይ ቤት በር አጠገብ ያለ ሰው ደግሞ ጣሪያውና ግድግዳው ሊወድቅበት ስለሚችል ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ገመድ ወደ ራቀ ሜዳ በፍጥነት ቢወጣ ይመረጣል። ቁም ሣጥንና ብፌን ከግድግዳ ጋር ማሰር፣ ከአልጋ በላይ ከባድ ዕቃ አለመስቀል የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስንቅን በተመለከተ የአገሬው ጓዳ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ዘማችና መንገደኛ እሳት ሳያነድ እንዲበላቸው የተሠሩ፣ ቶሎ የማይበላሹ ምግቦች ናቸው። ውኃ ግን ይረሳል። ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ቢያዝ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት የሦስት ቀን መጠባበቂያ 45 ሊትር ይሆናል፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና አንድ ባለ 5 ሊትር ማለት ነው። ክዳናቸው በደንብ ተዘግቶ በየጊዜው መቀየር አለባቸው። በር አጠገብ በምትቀመጥ ቦርሳ ውስጥም የዘወትር መድኃኒት፣ ባትሪ፣ ትንሽ ራዲዮ፣ ጋቢ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ መታወቂያና የቤት ካርታ፣ በወረቀት የተጻፉ ስልክ ቁጥሮችም ይኖራሉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ቁጥር 907 ከእነሱ አንዱ ነው።

ቦርሳው ያለ ስምምነት ብዙ አይረዳም። አያትን ማን ይደግፋል? ሕፃኑን ማን ያቅፋል? ቤተሰቡ ቢበታተን የት ይገናኛል? በሌላ ከተማ ያለ የትኛው ዘመድ የሁሉንም ወሬ ይሰበስባል? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ የቡና ሰዓት ይመለሳሉ። ልጆችም ቢጠየቁ መልሱን ሳያስቡ መናገር አለባቸው።

ከቤት ወጥቶ ወደ ሰፈር ሲዘለቅ እድር አለ። እድር ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር አለው፤ የአባላቱን ቤት ያውቃል፤ ጡሩምባ ነፊውም ገና ሳይነጋ ሰፈሩን መቀስቀስ ይችላል። ዛሬ ጡሩምባው የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። በደቻቱ ዳርቻና በጎፋ ተዳፋቶች ላይ ያሉ ሰፈሮች ይህንኑ ድምፅ ጎርፍ ሲመጣ ወይም መሬት ሲሰነጠቅ ሊሰሙት ይገባል።

ስለዚህ እያንዳንዱ እድር ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦቱ ስብሰባ ሦስት ነገሮችን በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍር እንጠይቃለን፦ የአደጋ ጡሩምባ ከለቅሶው የሚለይበትን አነፋፍ፣ ሰው የሚሰበሰብበትን ከፍ ያለ ሜዳ፣ እንዲሁም ያለ ረዳት መውጣት የማይችሉ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ከነደጋፊ ጎረቤታቸው የሚይዝ የስም ዝርዝር።