«እኛ» ያሉት ቄስ



የሐዋይ መንግሥት ከ1866 ጀምሮ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከቤተ ሰባቸው እየለየ ወደ ሞሎካይ ደሴት ያግዝ ነበር። በ1873 ቤልጅጋዊው ቄስ አባ ዳሚያን፥ በ33 ዓመታቸው፥ በፈቃዳቸው ከእነርሱ ዘንድ ገቡ። ቍስላቸውን አጠቡ፤ ቤት ሠሩላቸው፤ የሬሳ ሣጥን እያበጁ ሙታናቸውን በክብር ቀበሩ። ገና ጤነኛ ሳሉ በስብከታቸው «እናንተ ሕሙማን» አይሉም፤ «እኛ ሕሙማን» ይሉ ነበር እንጂ። ቈይቶም ቃሉ እውነት ሆነ፤ ደዌው ያዛቸውና በ1889 በ49 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል። የመጸየፍ ደዌ ግን ከልባችን ካልሆነ ከሌላ ፈውስ አያገኝም። እንግዲህ ጣቱ የጐደለ ባለጉዳይ ነገ ማመልከቻውን ሲዘረጋልን ወረቀቱን ከእጁ እንቀበለዋለንን? ወይስ «እዚያ አስቀምጠው» እንለዋለን?