ፍሪጁን አየን፣ ከአልጋው ሥር ያለውን አላየንም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የወተት ቡድኑ ለአባላት ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የወተት ቡድን አባላት ነን። ሰባት ነን። ወረቀቱን የምታነበው አንዳችን ብትሆንም የጻፍነው ሰባታችን ተቀምጠን ነው፤ ስለዚህ «እኛ» ስንል ስሕተቱም ትምህርቱም የሁላችን መሆኑን ያዙልን። ከጋራ ቁጠባችን ተበድረን በገዛነው ፍሪጅ ምን እንደሠራንና ምን እንደከሰርን ልንነግራችሁ ነው የመጣነው። ብዙዎቻችሁ በቡና ላይ ሰምታችሁታል። የቡና ወሬ ግን እየተጨመረበት ይሄዳልና ከባለቤቶቹ ብትሰሙት ይሻላል ብለናል።

ነገሩ የተጀመረው ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው። አንድ እሑድ ልጆቻችንን ይዘን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለውን ሐይቅ ልናሳያቸው ሄደን ነበር። እዚያ አንድ ትልቅ መኪና ቆሞ አገኘን። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ዕቃ ማጠቢያ አለው። ባልና ሚስት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ቤታቸውን ይዘው አገር ላገር ይዞራሉ። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ አስገባችን። ከሁሉ የገረመን ፍሪጁ ነው። በየቤታችንና በየሱቁ የምናውቀው ዓይነት ነጭ የቤት ፍሪጅ ነው። ከፈተችና ቀዝቃዛ ውሃ ለልጆቻችን ሰጠች። አስጎብኚው እየተረጎመልን ስንጠይቃት «አዎ፣ የቤት ፍሪጅ ነው» አለችን። ከዚያ የአልጋውን ፍራሽ ከፍ አድርጋ ሌላ ነገር ልታሳየን ስትል፣ እኛ ልጆቹ ወደ ውሃው ሮጡ ብለን ወጥተን ነበር።

ወደ ዳንግላ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያወራነው ስለዚያ ፍሪጅ ነው። ለምን እንዳወራን ታውቃላችሁ። የኛ ችግር ወተት ነው። የጠዋቱ ወተት እስከ ቀትር ካልተሸጠ ይበላሻል፤ እርጎ ይሆናል፣ እርጎው ካልተሸጠ ይናጣል፣ ቅቤ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ልጆች የትምህርት ቤት ደብተር ይጠይቃሉ። ወተቱን ገበያው ወዳለበት ቀዝቃዛ አድርገን ብንወስደው ግን? የቤት ፍሪጅ በመኪና ላይ የሚሠራ ከሆነ ሚኒባስ ተከራይተን፣ ወንበሩን አንስተን፣ ፍሪጁን አቁመን ብንሄድስ?

የምንሄድበትም ቀን ተገኘ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የዐድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ሲያስብ የኖረ ነው፤ በዓሉ እንጅባራ ላይ ሲከበር ስንት ሕዝብ እንደሚወጣ ለናንተ አንነግርም። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳይሆን ቀኑን ቆጥረን አየን፤ የፍስክ ቀን ሆነ። ደስ አለን። ገንዘብ ተበድረን ባለ 200 ሊትር ፍሪጅ ገዛን፤ ከባትሪ የሚወጣውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚለውጥ ኢንቨርተርም አብረን ገዛን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገራለን። ከመሀላችን ታናሿ በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ የተማረች ናት። ከመግዛታችን በፊት «እትዬዎቼ፣ ፍሪጁ ሞተሩ ሲነሣ ስንት ዋት ይጠይቃል? በቀን ስንት ይበላል?» ብላ ጠየቀች። እኛም «አንቺ ልጅ፣ ገና ሳይጀመር አታሟርቺብን» አልናት። ዝም አለች። እኛም ያንን ዝምታ እንደ መስማማት ቆጠርነው።

አሁን የሆነውን እንንገራችሁ። ፍሪጁን ከሱቅ ያመጣነው በጋሪ አጋድመን ነው። ቤት እንደደረሰም ጉጉት አላስቻለንምና ወዲያው ሰካነው። በዕድላችን ምንም አልሆነም፤ ልክ ግን አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እናነሣዋለን። በበዓሉ ዋዜማ በመብራት ስናቀዘቅዝ አደርን። ሌሊት ተነሥተን ወተቱንና እርጎውን በግማሽ ሊትር ጠርሙስ እየሞላን ከተትን። ፍሪጁን በሚኒባሱ ውስጥ አቁመን በገመድ አሰርነው። በሩን ግን አላሰርነውም። ከዳንግላ አዲስ ቅዳምን አልፈን እንጅባራ እስክንገባ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ አስፋልት ነውና ደህና ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ሜዳው ስንታጠፍ አንዱ ጉድጓድ ላይ በሩ ተከፈተና ጠርሙሶቹ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። ከእርጎው ሩቡን እዚያው አጣን።

ቦታ ይዘን ኢንቨርተሩን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኘን። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 120 ዋት ይላል፤ ኢንቨርተራችን ባለ 300 ነው። ከበቂ በላይ ነው ብለን ነበር። ፍሪጁ ግን «እህ» ብሎ ይዘጋል፤ ኢንቨርተሩ ይጮሃል፤ እንደገና ይሞከራል፤ እንደገና ይዘጋል። ታናሿ እህታችን ሮጣ ሙዚቃ ከሚያሰሙ ልጆች ትልቅ ኢንቨርተር ተዋሰች። በእሱ ሠራ። እልል አልን። ፈረሶቹ ሲያልፉ እኛ ወተት እየሸጥን ነበር፤ ደንበኛ በደንበኛ ላይ፣ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ።

ከቀትር በኋላ መብራቱ ጠፋ። የመኪናው ባትሪ አልቋል። ሞተሩም አልነሣ አለ። ፀሐይ ገላጭ ነበረች፣ ሚኒባሱ ውስጥ ምድጃ ሆነ። አመሻሽ ላይ የቀረውን ወተት ስናፈላው ተቆረጠ። መኪናውን የገፉልን የፈረሰኞቹ ልጆች ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ሹፌሩ ወንድማችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ተረተብን። ቀን ላይ ያገኘነው የኪራዩንና የወተቱን ዋጋ አልሸፈነም። የማኅበሩ ብር ጎደለ።

ሰባታችን ለሁለት ሳምንት ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን። ከዚያ ታናሿን ጠርተን «ይቅር በይን፣ አሁን አስተምሪን» አልናት። ደብተር ይዛ መጣች። ያስተማረችን ይህ ነው፤ ለሁላችሁም ስለሚጠቅም በዝርዝር እንነግራችኋለን።

አንደኛ፣ የፍሪጅ ሞተር ሲነሣና ሲሠራ የሚጠይቀው አንድ አይደለም። ተኝታ የነበረች በሬ ቀንበር ይዞ ሲነሣ እንደሚያቃስተው ማለት ነው። 120 ዋት የሚለው ከተነሣ በኋላ ነው፤ በሚነሣበት ቅጽበት አምስት እጥፍም ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ፍሪጅ ቢያንስ ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ይፈለጋል፤ ያውም እንደ ቤት መብራት የተስተካከለ ኃይል የሚሰጠው፣ ባለሙያዎች «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚሉት ዓይነት። ርካሹ ዓይነት ሞተሩን ያግለዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል። ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ሽቦ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ 1,000 ዋት በ12 ቮልት ሲሳብ ከ80 አምፒር በላይ ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሣል። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባበት።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ስንት ይዟል? ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ፣ 12 በ100 ሲባዛ 1,200 ዋት-ሰዓት ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ የኛ ድርሻ 600 ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ ጥቂት ይበላል፤ 500 ገደማ ይቀራል። ፍሪጁ ሞልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተዘግቶ ሲቀመጥ ሞተሩ እያረፈ ስለሚሠራ በአማካይ 50 ዋት ቢበላ 10 ሰዓት ያህል ይሄዳል። እንደኛ በሩን በየደቂቃው ለከፈተ ግን ሞተሩ አያርፍም፤ 120ውን ሳያቋርጥ ይበላል፤ በ4 ሰዓት ያልቃል። የመኪናው ባትሪ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው፤ የተሠራውም ሞተር ለማስነሣት እንጂ ቀን ሙሉ ለመቀለብ አይደለም። ለፍሪጁ የራሱ ባትሪ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ አቀማመጥ። ፍሪጅ ሲጋደም የሞተሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ይፈስሳል። ስለዚህ ቆሞ ይጓጓዝ፤ ግድ ሆኖ ከተጋደመም አቁሞ ብዙ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ቀን አቆይቶ መሰካት ነው። በመኪና ውስጥ ከግርጌም ከመሀልም ይታሰር፤ በሩ መቆለፊያ ይሠራለት። ከኋላው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለት፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዚያ ነውና። አገራችን ደጋ መሆኗ ለፍሪጅ ጥሩ ነው፤ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። በፀሐይ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ግን ደጋ የለም።

አራተኛ፣ ጄኔሬተር ይዘን እንሂድ ያላችሁ አላችሁ። ይቻላል፤ ነገር ግን መኪናው ውስጥ ወይም በሩ አጠገብ ፈጽሞ እንዳይነሣ። ጭሱ በተዘጋ ቤት እንደሚነድ ከሰል ነው። ከሰል በምናከስልበት አገር የሱን ነገር መናገር አያስፈልገንም።

ያኔ ነው ዘንገና ዳር ያለችው ሴትዮ ትዝ ያለችን። ታናሿ እንደነገረችን፣ እንዲህ ባሉ መኪኖች ባትሪዎቹ የሚደረደሩት ብዙ ጊዜ ከአልጋው ሥር ነው፤ ከጣሪያው ላይ ደግሞ ሶላር ይኖራል። ፍራሹን ያነሣችው ይህንን ልታሳየን ኖሯል። እኛ ቀዝቃዛውን ውሃ አይተን ወጣን።

ታዲያ የቤት ፍሪጅ በመኪና ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ይሠራል። ግን ለማን? መኪናውን ቤቱ ላደረገ፣ ወይም አንድ ቦታ አቁሞ ዓመቱን ሙሉ ለሚሸጥ፣ ባትሪውንና ሶላሩን አንዴ ቢገዛ ያዋጣዋል። ለመኪና ተብሎ የተሠራ፣ ያለ ኢንቨርተር ከባትሪ በቀጥታ የሚሠራ ፍሪጅም አለ፤ ዋጋው ግን ከቤት ፍሪጅ ይበልጣል። እንደኛ በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ለምትወጣ ሴት ግን ፍሪጁ ቤት ይቅር፤ ቅዝቃዜው ብቻ ይሂድ።

ይህንንም ሞክረነዋል። ፍሪጁን ዳንግላ ላይ በስታቢላይዘር ሰክተን፣ ማታ በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እናረጋለን። ወተቱን ገና ትኩሱን አንከትም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠን ካበረድነው በኋላ ነው የምናስገባው፤ ከ4 ዲግሪ እንዳያልፍ በትንሽ ቴርሞሜትር እናያለን። ጠዋት በፎም በለበሰ የእንጨት ሳጥን ውስጥ በረዶውን ከታችና ከላይ፣ ወተቱን ከመሀል አድርገን በባጃጅ እንሄዳለን። እስከ ቀትር ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ያልተሸጠውን በሁለተኛው በረዶ እንመልሰዋለን። እርጎው ከወተቱ ይልቅ ስለሚታገሥ ለሩቅ ገበያ እሱን እናስቀድማለን። እናቶቻችን በወይራ የሚያጥኑትን እንስራም አልተውነውም። መብራት ሲጠፋም አንደናገጥም፤ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

በዚህ መንገድ ከሸጥን አምስት ወር ሆነን። ከብድሩ ግማሹን መልሰናል፤ ገንዘብ ያዣችን እዚህ ናት፣ ጠይቋት። የቀረውን እስከ መስከረም እንጨርሳለን።

አሁን የመጣንበት ጉዳይ ሁለት ነው። አንደኛው ይቅርታ ነው። ብሩ የሰባታችን አልነበረም፤ ዕንቁላል ሸጣ በየሳምንቱ ያስገባች እናት ብርም አለበት። ይቅር በሉን። ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ከእንግዲህ ከጋራ ቁጠባው ዕቃ የሚገዛ ቡድን ሁሉ፣ ፍሪጅም ይሁን ወፍጮ ወይም የልብስ ስፌት መኪና፣ «ይህ ዕቃ ምን ይበላል? ማን ይቀልበዋል?» ለሚለው መልሱን በወረቀት ይዞ ይምጣ። ላም ስንገዛ ሣሯን ሳናይ አንገዛም። ያንን ጥያቄ የምትጠይቀው ደግሞ የመጨረሻዋ ታናሽ ብትሆንም እንስማት። ታናሿ እህታችን የዕቃ ግዥ ኮሚቴው ውስጥ እንድትገባልን ሰባታችን በአንድ ድምፅ አቅርበናታል። ብትስማሙ እጃችሁን አውጡልን።

እርጎው ከደጅ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅመሱልን።