ለእንግዳ የሚመረጠው መንገድ

በደብሩ በዓለ ኢዮቤልዩ በሐራ የተሰጠ ንግግር



ኢዮቤልዩ የዘመን መቍጠሪያ ብቻ አይደለም። በኦሪት ሕግ ኀምሳኛው ዓመት ሲደርስ ቀንደ መለከት ይነፋ፥ ባሪያው አርነት ይወጣ፥ የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩ ሕዝብ ርስቱን ቈጥሮ የሚያውቅበት በዓል ነው። ርስቱን የማያውቅ ሰው ግን ለእንግዳ ምን ያሳያል? የዛሬውም ነገር ይኸው ነው፤ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው በዚህ በወሎ ምድር መንገዱን ቢጠይቅ፥ የአገሩ ሰው ወዴት ይምራው?

የሐራ ሰው ይህን ጥያቄ «የሩቅ ሰው ጥያቄ ነው» ሊለው አይገባም። ሐራ የመገናኛ ቦታ ናት። በስተምዕራብ ወልዲያና ደጋው፥ በስተምሥራቅ የአፋር ቆላ ይዋሰኗታል፤ ስሟም ከገበያዋ ጋራ ተጣምሮ «ሐራ ገበያ» ይባላል። በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው፥ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው የባቡር ሐዲድ መድረሻው በዚሁ ስም ተሰይሟል፤ ከመቀሌ የሚወርደውም ሐዲድ ከዚሁ እንዲገናኝ ታቅዷል። ሐዲዱ እስኪፈጸም ድረስ እንግዳ የሚመጣው በመኪና መንገድ ነው። ይሁን እንጂ በመንገድ ዳር ለሚኖር ሰው እንግዳ አይቀርለትም፤ እንግዳው ሳይደርስ ቤትን መጥረግም የብልህ ሥራ ነው።

እንግዳ መንገድ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው አክሱምን፥ ጎንደርን፥ ጣናን፥ ስሜንን፥ ላሊበላን፥ ሐረርን በአንድ ትንፋሽ ይቈጥርለታል። ሌላው ደግሞ የደጁን ነገር ንቆ «እዚህስ ምን ይታያል» ብሎ ይሸኘዋል። የመጀመሪያው እንግዳውን ያደክመዋል፤ ሁለተኛው አገሩን ያሳጣዋል። ሁሉን በዐሥር ቀን የዞረ እንግዳ የመኪናውን መስኮት እንጂ ኢትዮጵያን አላየም። ቅኔ የሚሰማ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ሰሙን ነው፤ ወርቁ የሚገለጥለት ቈይቶ ሲያስብ ነው። የአገርም ነገር እንዲሁ ነው። ሰሙ ድንጋዩ፥ ባሕሩ፥ ገበያው ነው፤ ወርቁ ግን ድንጋዩን የፈለፈለው እጅ፥ በባሕሩ ዳር የጸለየው አባት፥ በገበያው በሰላም የዋለው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ለእንግዳ የሚመረጠው ቦታ ጥቂት ይሁን፤ ቅደም ተከተል ይኑረው፤ እንግዳውም ወደ አገሩ ሲመለስ እውነተኛ ምስክር የሚሆንበት ይሁን።

ለዚህ ምስክርነት የቈየ አብነት አለ። ከፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ጋራ በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ የወረደው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተቀመጠ። ላሊበላንም አይቶ የአብያተ ክርስቲያናቱን ነገር ጻፈ፤ መጽሐፉም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1540 በሊዝበን ታተመ። ስለ ላሊበላ ሲጽፍ የአገሩ ሰዎች እንዳያምኑት ስለ ፈራ፥ የጻፈው ሁሉ እውነት እንደ ሆነ በእግዚአብሔር ስም ማለ። መልካም እንግዳ እንዲህ ያለ ነው፤ ያየውን አይቶ፥ ምንም ሳይወስድ፥ ምስክር ሆኖ ይሄዳል።

የዚህ ተቃራኒም በዚሁ በወሎ ምድር ተደርጓል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱን፥ መስቀሉንና ጽዋውን፥ ታቦታቱንም ሳይቀር ጭኖ ሄደ። ከእነዚያ አንዱ ታቦት በኤድንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ብዙው ግን በዚያው ቀረ። ይህ የጦር ሰው ሥራ ነው ቢባል፥ በሰላም ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። «አፍሮ አይገባ» የሚባለው የላሊበላ የቤተ መድኀኔ ዓለም መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰረቀ፤ ቤልጅግ አገር ከገዛው ሰው እጅ ተገኝቶ የተመለሰው ከአራት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ገዢ ባሕር ማዶ ቢኖርም፥ ሌባ በሩን የሚያገኘው ከውስጥ ነው። እንግዳን መምራት እንግዲህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል የሚመጣ እንግዳ አስቀድሞ ማረፍ የሚገባው በሐይቅ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ባሕሩን ያያል፤ በባሕሩም ዳር የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው መጻሕፍትን ያስጻፉበት፥ ደቀ መዛሙርትን ያስተማሩበት ቦታ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በነገሥታት አደባባይ ትልቅ ሥልጣን ነበረው። በሐይቅ መጀመር የሚሻለው እንግዳው የላሊበላን ድንጋይ ሳያይ መጽሐፉንና ትምህርቱን አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። ነገር ግን ሴት ወደ ገዳሙ አትገባምና ይህ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ብዙ መንገድ ተጕዛ ከደጅ የተመለሰች ሴት የምታዝነው በሥርዐቱ አይደለም፤ ሥርዐቱን ሳይነግር በወሰዳት ሰው ነው።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ውጫሌ ይደረሳል። በአቅራቢያው በይስማ ንጉሥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ ክፍል በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች ነገሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጕዳይ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት ለመላላክ እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ከዚህም ጠብ የተነሣ ነገሩ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈጸመ። በዚያ ቦታ ለዓይን የሚያስደንቅ ትልቅ ሕንፃ እንግዳው ላይጠብቅ ይችላል፤ ቢሆንም ከዚያ ቆሞ ይህን ታሪክ ሊሰማ ይገባዋል። አስተርጓሚ ለሚሆኑ ወጣቶችም ትልቅ ትምህርት አለበት፤ አንዲት ግሥ ሁለት መንግሥታትን ለጦርነት አድርሳለችና። እንግዳውን ለማስደነቅ ብሎ ያልነበረውን የሚጨምር፥ የነበረውንም የሚቀንስ አስተርጓሚ፥ ምስክሩን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ከውጫሌ ወርዶ በውርጌሳ በኩል ወደ ሀብሩ ሲደርሱ ምድሩ ይለወጣል። መርሳ ላይ ፍራፍሬው በመንገድ ዳር ተዘርግቶ ይሸጣል፤ ከዚያም አልፎ የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። በዚያ ያሉ ሊቃውንት ድርቅን የሚችል፥ አቀንጭራ የማያጠፋው ማሽላ ሲፈትኑ ኖረዋል። ኢትዮጵያን በረኀብ ስም ብቻ የሚያውቅ እንግዳ፥ የዚህ አገር ገበሬና ምሁር ከድርቅ ጋራ እንዴት እንደሚታገሉ ቢያይ፥ የያዘውን አሳብ ሳይለውጥ አይሄድም።

በሐራ ግን እንግዳው ሊያየው የሚገባው ሕንፃ ሳይሆን ገበያ ነው። ደገኛው እህሉን፥ ቆለኛው ከብቱን ይዞ ይገናኛል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ አንድ ዛፍ ሥር ይጠለላል። በወሎ ሥጋው ቢለይ ቡናው አይለይም። እንግዳው ከገበያ ወጥቶ ከአንድ ቤት ገብቶ ከአቦል እስከ በረካ ቢቀመጥ፥ ከብዙ መጽሐፍ የማያገኘውን ያገኛል። ቡናው በዋጋ እንዳይሆን፤ አባታችን አብርሃም በድንኳኑ ደጅ ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ዋጋ አልጠየቀም።

ከወልዲያ በስተምዕራብ በድልብ ወደ ደጋ ወጥቶ እስከ ጋሸና፥ ከጋሸናም 64 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ታጥፎ ላሊበላ ይደረሳል። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው የዋድላን ምድር ሳያይ አይቀርም፤ ዋድላም የቅኔ አገር ናት። እንግዳው በዚያ በኩል የቅኔ ጉባኤ ቢያገኝ ግማሽ ቀን ሊሰጠው ይገባል። ተማሪው ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ ለምኖ ያድራል፤ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤት መወድስ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይናገራል፤ የትናንቱም ለዛሬ አይደገምም። የላሊበላ ድንጋይ ያለፈው ትውልድ ሥራ ነው፤ ይህ ግን ዛሬም በሕይወት ያለ ሥራ ነው።

ላሊበላ ከደረሰ በኋላ እንግዳው ከሦስት ቀን ያነሰ አይቈይ። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተሠሩ አይደሉም፤ አንዱ አለት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጡ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1978 የዓለምን ቅርስ መመዝገብ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ አድርጎ የመዘገበው ስለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቤተ መድኀኔ ዓለምንና ቤተ ማርያምን ከባልንጀሮቻቸው ጋራ፥ በሁለተኛው ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉትንና ለብቻው የቆመውን ቤተ ጊዮርጊስን ይይ። በሦስተኛው ቀን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ይሂድ። ይህ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ፥ ከላሊበላ የሚቀድም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይህን ያየ ሰው ላሊበላ ከባዶ ምድር በድንገት የወጣ እንዳይደለ፥ ከአክሱም ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ጥበብ እንደ ሆነ ያስተውላል። በልደት ቀን በቤተ ማርያም ቅጥር ዙሪያ የሚዘመረውን «ቤዛ ኵሉ» ለመስማት የሚፈልግ ደግሞ ከበዓሉ ቀናት አስቀድሞ ይምጣ፤ የምእመናኑም ብዛት እጅግ ታላቅ እንደ ሆነ ይነገረው።

«ግሸንስ? መቅደላስ?» የሚል አይጠፋም። ግሸን ደብረ ከርቤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ያረፈባት፥ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ የሚሳለማት አምባ ናት። የነገሥታት ልጆች በአምባ መታገዳቸውን በሩቅ የሰማ እንግሊዛዊ፥ ሳሙኤል ጆንሰን፥ አገሩን ሳያይ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1759 «ራሴላስ» የሚባል ልብ ወለድ ጽፏል። ግሸን ግን የመሳለሚያ ቦታ ናት እንጂ የመመልከቻ አይደለችም፤ መቅደላም የታሪኩን ኀዘን ለማያውቅ ሰው ባዶ ተራራ ነው። ሁለቱም ለሁለተኛ ጕዞ ይቈዩ። ለእንግዳ ሁሉን በአንድ ቀን ማሳየት፥ ዳግመኛ የሚመጣበትን ምክንያት ማጥፋት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን እውነት ይነገር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልዲያም ላሊበላም በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ እንግዳ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ፥ መሪውም፥ አሳዳሪውም፥ ቆሎ ሻጯም ተቸግረዋል። ችግሩ ብርቱ ነው ብሎ ግን የመንገዱን ሰላም ሳያረጋግጡ «ና፥ ምንም የለም» ብሎ እንግዳን መጥራት ኀጢአት ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ይጠራ፤ ሰላም ሳይሆን ቈይ ይባል። አንድ ጊዜ እውነት የተነገረው እንግዳ ከዓመት በኋላም ይመጣል፤ የተታለለው ግን እርሱም አይመጣም፥ ሌላውንም ያስቀራል።

ለካህናትና ለሰበካው ሽማግሌዎች የሚቀረው ሥራ ይህ ነው። የሚታየውና የማይታየው አስቀድሞ ይለይ፤ ታቦት ለዓይን አይቀርብም፥ በቅዳሴ ጊዜ ፎቶግራፍ አይነሣም፥ ጫማ ከደጅ ይወልቃል። የብራና መጻሕፍቱና መስቀሎቹ ተቈጥረው በመዝገብ ይጻፉ፤ የመዝገቡም ግልባጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። እንግዳ የሚሰጠው ገንዘብ በደረሰኝ ወደ ሙዳየ ምጽዋት ይግባ እንጂ ወደ አንድ ሰው ኪስ አይውረድ። ከመጽሐፍ አንዲት ቅጠል ቀዶ የሚሸጥ ሰው ብራና ብቻ አይሸጥም፤ ያንን ጽሕፈት የጻፉትን የአባቶቹን ዓይን ይሸጣል። ወጣቶቹም የዚህን መንገድ ታሪክ በትክክል ይማሩ፤ ጠያቂ በመጣ ጊዜ የሚመልሱት እነርሱ ናቸውና።

የተሸጠው ርስት በኢዮቤልዩ ይመለስ ነበር ተብሏል። ርስትን ሳይሸጡ ጠብቆ ማቈየት ግን ከዚያ ይሻላል። ይህ ደብር የሚቀጥለውን ኢዮቤልዩ ሲያከብር በመዝገቡ የተጻፈው ሁሉ ሳይጐድል ቢገኝ፥ በባሕር ማዶም ስለ ሐራና ስለ መንገዷ እውነት የሚመሰክር አንድ እንግዳ ቢኖር፥ የዛሬው በዓል ፍሬ አፈራ ይባላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።